ልጄ አርግዛለች

ይህን ታሪክ ሰው ሁሉ ያወራዋል። ሲያወራው ሹፌሩን ያመሰግናል፤ ኮሎኔልን ያመሰግናል፤ ወፍጮውን ሳይቀር «ያ ጩኸቱ ባይኖር ኖሮ!» እያለ ይመርቃል። እኔ ላይ ሲደርስ ግን «አሮጊቷ መልእክቱን አበላሽታው» ብሎ ያልፋል። ምን አበላሸሁ? የላክሁት ቃል በሙሉ እውነት ነበር። ፊደል ባልቆጥርም አንዲት ፊደል አልዋሸሁም። ሰሚው ጆሮ ከሌለው የተናጋሪ አፍ ይከሰሳል እንዴ?

ስለዚህ ከኔው ስሙት።

እኔ የምኖረው መንገድ ካለቀ በኋላ ነው። የጭነት መኪናው ታች ትልቁ ድንጋይ ጋ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ጉልበት ያለው ሽቅብ ይወጣል፣ የሌለው ተቀምጦ ይጣራል። ሥራዬ ለእረኞች ጠባቂ ማርባት ነው። ጠባቂ ነው ያልኩት። ሌላው ሰው የሚጠራበት ስም እኔ ቤት አይጠራም። ያ ስም ሰው ሲጣላ የሚወራወረው ስድብ ነው፤ ከአውሬ ጋር ስትተናነቅ ያደረችን ፍጡር በስድብ አልጠራም። ሴቶቹ ልጆቼ ናቸው፤ ወንዶቹ ወንዶቼ። የልጅ ልጄን ደግሞ «አንቺ» እላታለሁ፤ ስቆጣ «የኔ እመቤት»። ተራራው ላይ ይህን የማያውቅ የለም።

ቀላል ሥራ የሚመስለው ካለ ይሞክረው። ክትባቱ በበረዶ ይላካል ይባላል፤ እኛ ጋ ሲደርስ በረዶው ውሃ፣ ውሃውም ለብ ብሎ ነው። ቡችሎቹን ደም ያስቀምጣቸውና እጄ ላይ ይቀዘቅዛሉ። የተረፉትን ለመግዛት የሚመጣው እረኛ ደግሞ ወንዱን እንጂ ሴቷን ቀና ብሎ አያያትም። ከሁሉ የከፋው ግን ዝምድና ነው። በዚህ ዙሪያ ያለው ወንድ ሁሉ ለልጆቼ ወይ ወንድም ነው ወይ አጎት። ዘመድ ከዘመድ ሲወልድ ወገቡ የላላ፣ ዓይኑ የፈዘዘ ይመጣል። ያለፈው ክረምት በሽታው ቤቴን ጠርጎት ሲሄድ ለዘር የምትሆን አንዲት ልጅ ብቻ ቀረችኝ፤ የልጅ ልጄ በመልኳ «ዳማ» የምትላት። ለእሷ ባዳ ወንድ ካልተገኘ ከእናቴ እናት የወረስኩት ዘር እዚያው ያበቃ ነበር።

ባዳው ወንድ የተገኘው በመኪና ሥር ነው።

አንድ ቀን የጭነት መኪናው ድንጋዩ ጋ ተበላሽቶ ቆመ። የልጅ ልጄ ውሃ ልታደርስላቸው ወርዳ ዘገየች። ብከተላት አንድ ሰው በጀርባው ተንጋሎ ከሞተሩ ሥር ገብቷል፤ ከውጭ የሚታየው ሁለት እግሩ ብቻ ነው። እሷ ከእግሩ ጋር ወግ ይዛለች! እግሩም ይመልስላታል። ፊቱን ሳታየው ነው የሳቀችለት፤ ኋላ ወጥቶ ሲነሳ ፊቱም ከእግሩ አልተሻለም፣ እስከ ጆሮው ግሪስ ነበር። ለዚህ ነው ግራሶ የሚሉት። የባለ ወፍጮዋ ልጅ ነው፤ ታች ከተማ ውስጥ ትልቁ ወፍጮ ቤት የእናቱ ነው፣ ሞተሮቹን የሚጠግነው እሱ።

ከዚያ ወዲያ ግራሶ መኪና ሳይበላሽም ይመጣ ጀመር። «ድምፅ ያሰማል፣ ልየው ብዬ ነው» ይላል። መኪናው ድምፅ አያሰማም፤ ድምፅ የሚያሰማው የሱ ልብ ነበር። እሷም ከማታወልቀው ከወንድ አያቷ ካፖርት ውስጥ፣ ከዚያ በሬ ከሚደብቅ ካፖርት ውስጥ አንገቷን ብቅ አድርጋ ታየዋለች። ሁለቱም ስለ ወንዶቼና ስለ ልጆቼ እንጂ ስለ ራሳቸው አንድ ቃል አይተነፍሱም። የዳማን ችግር ስትነግረው «እኛ ጋ ኮሎኔል አለ!» ብሎ ብድግ አለ። ኮሎኔል ወፍጮ ቤቱን የሚጠብቀው ነው። ከሩቅ አገር የመጣ፣ ደረቱ በር የሚያክል።

አመጣው። ኮሎኔል ከመኪናው ሲወርድ ሹመቱ እንደሚገባው አየሁ። ዳማ ግን ጥርሷን አሳየችው። ሲቀርባት ጆሮውን ያዘችው። ቀኑን ሙሉ ሲለምናት ዋለ፤ ቀኑን ሙሉ ስታባርረው ዋለች።

«አልወደደችውም» አለ ግራሶ፣ ጥፋተኛው ራሱ ይመስል።

«ገና አልለመደችውም» አለች የልጅ ልጄ። «ያሳድር።»

«ማደር አልችልም። እማዬ ትጠረጥራለች። ኮሎኔልን ሕክምና ወስጄዋለሁ ነው ያልኳት።»

የልጅ ልጄ የያዘችውን ባልዲ መሬት አስቀመጠች። ቀስ አድርጋ ነው ያስቀመጠችው፤ ባልዲ ቀስ ብላ ስታስቀምጥ መፍራት ነው።

«ሁልጊዜ የት ሄድኩ ነው የምትላት?»

«ዕቃ ልገዛ... ሞተር ልሠራ...»

«እኛ ጋ እንደምትመጣ አታውቅም?»

ግሪሱን ከእጁ ላይ ለማስለቀቅ ይፈትግ ጀመር፤ በሕይወቱ ሞክሮት የማያውቀውን።

«እማዬን አታውቂያትም» አለ በመጨረሻ። «የእነዚያ የ... አርቢዎች ልጅ ትላለች። ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።»

ያንን ስም ዋጠው። እሷ ግን ሰማችው።

«ለኮሎኔል ሚስት ፍለጋ ተራራ ወጣህ» አለችው። «ለራስህ ሲሆን እናትህን ፈራህ። ውረድ። ሹምህንም ይዘህ ውረድ።»

ወረደ። ሳይዞር ሄደ፤ ቢዞር ኖሮ ካፖርቷን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ስትቆም ያያት ነበር። አልዞረም። እኔም ሁለቱንም በዱላ ማባረር አማረኝ፤ እሷን ወደ ታች፣ እሱን ወደ ላይ።

ያን ቀን ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት መኪናው እዚያው ድንጋዩ ጋ አደረ። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ለልጁ ዳቦ ልሰጠው ብዬ ወረድኩ። የማንም ልጅ ቢሆን፣ ፈሪም ቢሆን፣ በባዶ ሆድ አይሄድም። ግራሶ ጋቢናው ውስጥ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ኮሎኔል የታሰረበት ገመድ ተበጥሷል። ከመኪናው ጀርባ ዞር ብል፣ ዳማ! በገዛ እግሯ፣ ማንም ሳይጠራት ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርዳ መጥታለች። ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ተያይዘው፣ አንዱ ወደ ምሥራቅ አንዱ ወደ ምዕራብ እያየ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ቆመዋል።

አፌን ይዤ ሳቅሁ። እስኪላቀቁ ጠብቄ ኮሎኔልን መልሼ አሰርኩት፣ ዳቦውን መስኮቱ ላይ አኖርኩት፣ ልጄን አስከትዬ ወጣሁ። ለማንም አልተነፈስኩም። የተወራ ጽንስ አይጸናም፤ እናቴ ስትል የሰማሁት ነው። ተራራውን ስወጣ ጉልበቴ የሃያ ዓመት ሆኖልኝ ነበር።

የልጅ ልጄ ሁኔታ ግን አላማረኝም። ዳማን ስታጥብ እጇ ይቆማል። ስልክ የሚይዘው እላይ ጉብታው ላይ ብቻ ነው፤ ጠዋትም ማታም ትወጣለች።

«የት ነበርሽ?»

«ላሞቹን አይቼ ልምጣ ብዬ።»

እኛ ላም የለንም።

«ደወልሽለት?»

«ለማን?»

«ለላሙ።»

«አያቴ!» ብላ ትገባለች። አልደወለችም። ስልኩን ይዛ ቆማ፣ ቆማ፣ ቆማ ትወርዳለች። እሱም አልደወለም፤ ጉብታው ላይ ሆና ካልጠበቀችው እንደማታነሳ ያውቃል፣ ስትጠብቅ ደግሞ መች አወቀ? ሁለቱም እንዲህ ተኳርፈው ዳማ ብቻ እየወፈረች ሄደች። ሆዷ ለዓይን ሲሞላ የልጅ ልጄ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «መቼ? እንዴት?» አለች። «አንቺ ስታኮርፊ» አልኳት። የዚያን ዕለት ሳቀች፤ ግን ለብቻዋ የምትስቀው ሳቅ ግማሽ ነው፣ እኔም ግማሽ ሳቅ አልወድም።

እንግዲህ መልእክቱ ጋ ደረስን። በሥራችን ሕግ የወንዱ ባለቤት ከሚወለዱት መጀመሪያ መርጦ ይወስዳል፤ ድርሻው ነው። ሕግ ሕግ ነው፣ ብትጠላንም ባለ ወፍጮዋ ድርሻ አላት። ድንጋዩ ጋ ወረድኩ። የለመድነው ሹፌር ቀርቶ አዲስ፣ ጺም ገና የሚያበቅል ሹፌር መጥቷል።

«ባለ ወፍጮዋን ታውቃታለህ?»

«ማን የማያውቃት አለ እማማ? ጩኸቷ እዚህ ይሰማል።»

«እንዲህ በልልኝ፦ ልጄ አርግዛለች። ከእናንተው ወንድ ነው። ቀኗ ተቃርቧል፤ መጥታችሁ ድርሻችሁን ውሰዱ።»

ሹፌሩ አየኝ። ደግሞ አየኝ። «እማማ፣ ይህን... በቀጥታ ልንገራት?»

«ለምን በዙሪያው ትሄዳለህ? ደስታ አይደለም እንዴ!»

«እሺ... ወንዱስ ያምናል?»

«እሱማ አፍ የለው፤ ምን ይናገራል?»

ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። የዘንድሮ ወጣት ነገር አይገባውም ብዬ ተመለስኩ። ይኸው ነው ያበላሸሁት የሚባለው። የትኛው ቃል ነው ሐሰት? እስቲ አንድ አውጡልኝ!

ሹፌሩ ኋላ እንደነገረኝ፣ ባለ ወፍጮዋ መልእክቱን የሰማችው ሞተሩ ሥር ቆማ ነው። በጩኸቱ መሀል ሦስት ጊዜ አስደግማዋለች። በሦስተኛው ሞተሩን አጠፋች። ያ ወፍጮ በቀን ጠፍቶ አያውቅም ነበርና መንገደኛው ሁሉ ሰው የሞተ መስሎት ቆመ።

ከዚያ ዝናቡ መንገዱን ዘጋው። እኛ ደግሞ ምን አውቀን፤ ዳማን እየጠበቅን ነው።

ምጧ የያዛት ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው። የልጅ ልጄ ካፖርቷን ጥላ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ጎተራው ውስጥ ዳማ አጠገብ ተንበረከከች። ሌላ ውሃ ላፈላ ወጣሁ። ገና ከደጃፉ ስደርስ የጩኸት ድምፅ ከታች ሽቅብ ይመጣል። ዱቄት የለበሰች ወፍራም ሴት፣ ብብቷ ሥር ቦርሳ፣ ጉልበቷን ይዛ ትወጣለች፤ ከኋላዋ ግራሶ፣ ፊቱ እንደ እናቱ ቀሚስ ነጭ ሆኖ።

ከወፍጮ ጋር ስትጮህ የኖረች ሴት ዝቅ አድርጋ መናገር አትችልም።

«የታለሽ አንቺ አሮጊት!» አለች። «ድርሻችሁን ውሰዱ ብለሽ ላክሽብኝ? ልጅ የገበያ እህል ነው በድርሻ የሚወሰደው? ልጄን ወደ ተራራ ስበሽ...»

«ዝም በይ!» አልኳት። «ልጄ ምጥ ላይ ናት!»

ሴትዮዋ አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ግራሶ ግን እኔንም እናቱንም አልፎ ወደ ጎተራው ሮጠ። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር፤ ወንዶቼ እየገቡ ዳማን እንዳያውኳት ነው። ግንባሩን እንጨቱ ላይ ደገፍ አደረገ።

ልከለክለው አፌን ከፍቼ ነበር። ድምፁን ስሰማ ዘጋሁት።

«ስሚኝ» አለ። «እዚያ እንዳለሽ አውቃለሁ። እጅሽን እንኳ ይዤው አላውቅም፤ አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ፣ እማዬ ብቻ ናት የማታውቀው። የማን ነው ብዬ አልጠይቅሽም። ያን ቀን እናቴን ፈርቼ ትቼሽ ወረድኩ። የፈሪ ቦታ ባዶ አይቀርም፤ ሌላ ሰው ገባበት፣ የሚገባኝ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የነካሁት ሞተር ሁሉ ይበላሽብኛል። እጄ እዚህ ቀርቶ ነው። ዛሬ ግን እናቴ ከኋላዬ ቆማለች፣ ትሰማኛለች፣ አልፈራሁም። ልጁ የኔ ነው። በስሜ ይጠራል። አባቱ ማነው ለሚል፣ እኔ ነኝ!»

ባለ ወፍጮዋ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ልጇን ታየዋለች፤ አይታው እንደማታውቅ ሰው። የሁለት ወር ኩርፊያ ውስጥ ዘጠኝ ወር እንዴት ገባ ብሎ የጠየቀ አለ? የለም። የደነገጠ ሰው አይቆጥርም፤ የወደደ ደግሞ ከነጭራሹ ቁጥር አያውቅም።

የልጅ ልጄ ድምፅ፣ የተሰበረ ግን የሚንቀጠቀጠው በሳቅ ይሁን በለቅሶ የማይታወቅ፣ በስንጥቁ ወጣ።

«ስንቱን?»

«ምን?»

«ስንቱን ነው በስምህ የምታስጠራው? አራቱ ወጥተዋል። አምስተኛው በእግሩ መጥቶ እጄ ላይ ነው። አባት ከሆንክ በሩን ገንጥለህም ቢሆን ግባና ፎጣ አቀብለኝ!»

«አራት?» አለች ባለ ወፍጮዋ፣ ደጃፉ ላይ ተገልብጦ የነበረ ባልዲ ላይ ዘጭ ብላ። «አራት! እመብርሃን!»

በሩን ገነጠለው። ማጠፊያው እስከ ዛሬ አልተሠራም፤ ሞተር ጠጋኝ እንጂ በር ጠጋኝ አይደለም።

ሲገባ ዳማ ቀና ብላ አየችው። ሆዷ ሥር አራት እርጥብ ነገር ይንፈራገጣል። እሱ ዳማን አየ፣ ቡችሎቹን አየ፣ የልጅ ልጄን አየ፤ ያለ ካፖርቷ፣ ወገቧ እንደ ሸምበቆ ቀጥ ብሎ፣ እስከ ክርኗ ደም በደም ሆና።

«ዳማ ናት?» አለ።

«ታዲያ ማን መሰለህ?» አለችው። ከዚያ ገባት። ፊቷ ተለዋወጠ። «ያን ሁሉ ያልከው... እኔ መስዬህ ነው?»

«አዎ።»

«ከሌላ ሰው ያረገዝኩ መስዬህ?»

«አዎ።»

«እና መጣህ?»

«መጣሁ።»

ሌላ አልተባባሉም። እኔ ስንት ሰው ሲዳር፣ ስንት ሰው ሲማማል አይቻለሁ። እንደዚያች «መጣሁ» ያለ መሐላ አልሰማሁም። እንባዋ ደም በነካው ጉንጯ ላይ እየወረደ ትስቃለች፤ ሙሉ ሳቅ፣ ሁለቱንም ግማሽ አንድ ላይ።

ሳቋ ግን ቶሎ ቆመ። አምስተኛው ወጥቶ አይነቃነቅም። በፎጣ አሸችው፤ ፎጣው ራሱ ርሷል። ገለበጠችው፤ ዝም። «እምቢ አለ፣ አያቴ፣ ቀዘቀዘ» አለች። እጄን ልዘረጋ ስል ከኋላዬ አንድ የዱቄት እጅ ቀድሞኝ አለፈ።

«አምጪው» አለች ባለ ወፍጮዋ። ዝቅ ባለ ድምፅ! እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት ልጇም የሚያውቅ አልመሰለኝም። «ወፍጮ ቤት የተወለደ ልጅ ሁሉ ዱቄት አፍኖት ነው የሚያድገው። ይሄን ልጄን ስንቴ አስተንፍሼዋለሁ።»

ያንን ስድብ አድርጋ የምትጠራውን ፍጡር፣ አፍንጫውን በከንፈሯ ይዛ መጠጠች። ተፋች። ደግማ መጠጠች። ከዚያ ቦርሳዋን በአንድ እጇ ከፍታ አንድ ነገር አወጣች፤ ቢጫ፣ በሱፍ የተሠራ፣ ጠርዙ ላይ ነጭ አበባ የዞረበት። የሕፃን ማቀፊያ። ቡችላውን በእሱ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አድርጋ አሸችው፣ አሸችው...

«እዪዪ» አለ።

ሁላችንም አብረን ተነፈስን። ዳማ እንኳ።

ማቀፊያውን አየሁት። ገበያ የሚሸጥ አይደለም። «ይህን መቼ ሠራሽው?» አልኳት።

ቀላች። «መንገዱ ተዘግቶ ሲያስቀምጠኝ።»

«እኛን ስትራገሚ?»

«አፌ ሲራገም እጄ ይሠራ ነበር» አለች። ቀና ብላ አየችኝ፣ ዓይኗ ሞልቷል። «የልጅ ልጅ መጣልኝ ብዬ ነበር እኮ እማማ። ተናድጄ ነው የወጣሁት፤ ግን ደግሞ... ይቅርታ ያድርጉልኝ። ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ!»

እማማ! ይቅርታ ያድርጉልኝ! ደጃፌ ላይ «አንቺ አሮጊት» ብላ የመጣች ሴት ጎተራዬ ውስጥ «እርስዎ» አለችኝ። ልቤ ራርቶ ነበር፤ ፊቴን ግን አላራራሁም። ፊት ቶሎ ከተፈታ ዋጋ የለውም።

«ሞኝነቱን ተይውና ድርሻሽን ምረጪ» አልኳት። «የወንዱ ባለቤት ቀድሞ ይመርጣል። ያውልሽ፣ ሦስት ወንድ አለ፤ ያ ጥቁሩ ቁርጥ ኮሎኔልን ነው።»

ወንዶቹን ዞራም አላየቻቸው። ማቀፊያውን ወደ አገጯ ሳብ አደረገች። «ይቺን።»

«ሴት ናት። ደግሞም ደቃቃዋ።»

«አየሁ። ይቺን ነው የምፈልገው።»

በሥራ ዘመኔ ሁሉ ከኔ ቤት ሴቷን፣ ያውም ደቃቃዋን፣ ቀድሞ የመረጠ ሰው አላየሁም። ያኔ ነው በልቤ የተቀበልኳት። አፌ ግን ገና አልጨረሰም።

«ደግ። አሁን ተራው የሴቷ ባለቤት ነው» አልኩ። ሁለቱ ልጆች ዳማ አጠገብ ተንበርክከው፣ የሱ ግሪስና የሷ ደም ተቀላቅሎ የማን እጅ የማን እንደሆነ አይለይም። ጣቴን ወደ ግራሶ ቀሰርኩ። «እኔ ያንን መርጫለሁ። እጁን ይታጠብልኝ እንጂ ጤነኛ ነው፣ ደሙም ባዳ ነው። ትሰጭኛለሽ አትሰጭኝም?»

«አያቴ!» አለች የልጅ ልጄ፤ እጁን ግን አልለቀቀችም።

ባለ ወፍጮዋ ሳቀች፤ የወፍጮ ሳቅ፣ ጎተራው ተንቀጠቀጠ። «ይውሰዱት» አለች። «ሞተሮቼን ሊጠግን ሲወርድ ግን እሷንም ይዞ ይውረድ።»

«ትወርዳለች፣ ትወጣለች፤ እግር አላት። አንቺም አለሽ» አልኳት። «አሁን ልብ ብለሽ ስሚኝ፣ ደግሞ አበላሸች እንዳትይኝ። ሌላ ጊዜ ‹ልጄ ልትወልድ ነው› ብዬ ስልክብሽ የትኛዋ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። ወፍጮሽን አጥፊ፣ ማቀፊያሽን ያዢና ነይ!»